ክረምት የጎደለው አልበም፦ የእንጦጦ ጉም፣ ፎቶግራፍና የታሪክ ማስረጃ



በዚህ ዶፍ ውስጥ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። የዛሬው ንግግሬ ስለ ዝናብና ስለ ጉም በመሆኑ የጣሪያው ጩኸት ድምፄን ቢውጠው አይከፋኝም፤ ከኋላ የተቀመጣችሁ ግን ካልተሰማችሁ እጃችሁን አንሡልኝ። ዓመተ ምሕረትን በእኛ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ በአውሮፓውያን ሲሆን ለይቼ እናገራለሁ።

የምጀምረው ከቤተሰቤ ግድግዳ በወረደ አንድ ፎቶግራፍ ነው። አያቴ መስከረም 1 ቀን ለቅዱስ ራጉኤል ንግሥ ወደ እንጦጦ ሲወጡ አጎቴ መንገድ ላይ ያነሣቸው ነው። ቀኑ የዘመን መለወጫ ይሁን እንጂ ክረምቱ ገና አልወጣም፤ በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዘመነ ክረምት የሚያበቃው መስከረም 25 ቀን ነው። በፎቶው ላይ ነጩ ነጠላ ከነጩ ጉም ጋር ተዋሕዷል። ለይቶ የሚታየው ፊታቸው፣ ጥቁር ጃንጥላቸውና ጃንጥላውን የጨበጠው እጃቸው ብቻ ነው። ከኋላቸው የባሕር ዛፍ ግንዶች አንዱ ከሌላው እየደበዘዙ ይሄዱና አምስተኛው ላይ ሲደርሱ ይጠፋሉ። በልጅነቴ ከአምስተኛው ግንድ ወዲያ ምን እንዳለ ብዙ ጊዜ አስብ ነበር።

ፎቶው ለዓመታት በመስተዋት ታጥሮ ስለኖረ እርጥበት ከመስተዋቱ ጋር አጣብቆት ነበር። እንዲታደስና እንዲያድግ ብዬ ወደ አንድ ፎቶ ቤት ወሰድኩት። ከሳምንት በኋላ የተረከብኩት ሰማያዊ ሰማይ፣ ከየት እንደመጣ የማላውቀው አረንጓዴ ተራራ፣ ዙሪያቸውንም በመቀስ የተቆረጡ የሚመስሉ አያቴን ነበር። ዋናው ፎቶ ከመስተዋቱ ሲላቀቅ ተልጦ ተጥሏል። ወጣቱ ባለሙያ በቅን ልብ፣ ደስም እያለው፣ «ጭጋጉን አጸዳሁልዎት» አለኝ። ልቆጣው አልቻልኩም፤ ሒሳቤን ከፍዬ ወጣሁ።

«አጸዳሁልዎት» የሚለው ቃል ግን አልለቀቀኝም። ጉም ከመቼ ወዲህ እድፍ ሆነ? ብዬ ስጠይቅ የደረስኩበት መልስ ያንን ወጣት ነፃ የሚያወጣ፣ እኛን የታሪክ ሰዎችን ግን የሚወቅስ ነው። የኢትዮጵያ የፎቶግራፍ ታሪክ ከጅማሬው አንሥቶ የበጋ ታሪክ ነው። ክረምቱን መጀመሪያ መንገዱ ከአልበሙ አስወጣው፤ ቀጥሎ ኬሚካሉና የበዓላት ጊዜ አስወጡት፤ ዛሬ ደግሞ የቀረችውን ጥቂት ጉም ኮምፒውተር እየጠረገ ነው።

መንገዱን እናስቀድም። ከአገራችን ቀደምት ፎቶግራፎች መካከል ብዛት ያለው ስብስብ የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ያነሣው ነው፤ ጦሩ ከመሐንዲሶቹ ጋር የፎቶግራፍ ቡድን ይዞ ነበር። ጄኔራል ናፒየር ዘመቻውን ያቀደው ክረምቱ ሳይገባ ደርሶ ለመመለስ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አረፉ፤ ሰኔ ሳያልቅም ጦሩ አገሩን ለቅቆ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት መንገደኞችም አካሄዳቸው ይኸው ነበር። ዓባይና አዋሽ ሲሞሉ ነጋዴውም መልእክተኛውም ባለበት ያርፋል። ካሜራ የጫነው እንግዳ በጥቅምት መጥቶ በግንቦት ይመለሳል፤ ይዞት የሚሄደውም አገር ሣሩ የደረቀ፣ ጥላው የጠቆረ፣ ሰማዩ ባዶ የሆነ አገር ነው። በቋንቋችን አንድ ሰው አንድ ቦታ ሰንበት ብሎ ሲቆይ «ከረመ» እንላለን። ግሱ ከክረምት ጋር አንድ ሥር ነው፤ በአንድ አገር መቆየት ማለት ዝናቡን እዚያው ማሳለፍ ማለት ነበርና። እነዚያ ፎቶ አንሺዎች በዚህ ትርጉም አልከረሙም።

የከረሙም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1879 ወደ ምኒልክ ዘንድ የመጣው ስዊዛዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ለብዙ ዓመታት እዚሁ ኖሯል፤ ፎቶግራፎቹ ዛሬ በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ይገኛሉ። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጅያንና ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺዎች ሆነው አገልግለዋል። ነገር ግን የቤተ መንግሥት ፎቶ የበዓል ፎቶ ነው፣ ትልልቆቹ በዓሎቻችንም ዝናብን ይሸሻሉ። ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም የነገሡት ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው፤ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት እ.ኤ.አ. በሰኔ 1931 በቀለም ያሳየው ያንን የጥቅምት ብርሃን ነው። ጥምቀት በጥር ነው። ሪቻርድ ፓንክኸርስትና ዴኒ ዤራር እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተሙትን፣ ከ1867 እስከ 1935 የተነሡ ፎቶግራፎችን የያዘውን መጽሐፍ ለተማሪዎቼ ስሰጥ «ዝናብ ፈልጉልኝ» እላቸዋለሁ። ጃንጥላ አግኝተው በደስታ ይመጣሉ፤ ጃንጥላው ግን የክብርና የፀሐይ ጃንጥላ ነው።

የኬሚካሉ ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። እ.ኤ.አ. በ1851 የታወቀው የኮሎዲዮን ዘዴ መስተዋቱ ገና እርጥብ ሳለ ፎቶው ተነሥቶ፣ ሳይደርቅም እዚያው ድንኳን ውስጥ እንዲታጠብ ያስገድድ ነበር። በዝናብና በነፋስ መካከል ይህን ሠርቶ ማሳካት ምን ያህል እንደሚያስቸግር መገመት አይከብድም። እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ መጨረሻ ደረቁ የጄላቲን መስተዋት ገበያ ሲገባ ድንኳኑ ቀረ፤ ሆኖም ሌላ ችግር አልቀረም። የዚያ ዘመን መስተዋት የሚያየው በተለይ ሰማያዊውን ብርሃን ነው። ሰማያዊ ሰማይም ነጭ ደመናም እኩል ነጭ ሆነው ይወጣሉ፤ አረንጓዴው ደግሞ ይጨልማል። የሐምሌን እንጦጦ በዚያ መስተዋት ብታነሡት ልምላሜው ጥቁር፣ ጉሙ ባዶ ወረቀት ይሆናል። በዚያ ላይ ደመናው ሲከብድ የሚደርሰን ብርሃን ከጠራ ቀን ብርሃን ወደ አንድ ስምንተኛ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ይወርዳል። የሰው ዓይን ይህን ወዲያው ይለምደዋል፤ መስተዋቱ ግን በዚያው ልክ ረዥም ጊዜ ይጠይቃል፣ በብርድ የሚንቀጠቀጥ ሰውም ዝም ብሎ አይቆምለትም።

ሰማይ መቀየርም ቢሆን የፎቶ ቤቱ ወጣት የፈጠረው ነገር አይደለም። ፈረንሳዊው ጉስታቭ ለ ግሬ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ አጋማሽ ባሕሩን በአንድ መስተዋት፣ ደመናውን በሌላ መስተዋት አንሥቶ በአንድ ወረቀት ላይ ያትም ነበር፤ በዘመኑም እጅግ ተደንቆበታል። ቀለማትን ሁሉ የሚያይ መስተዋት ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1906 ነው። እስከዚያ ድረስ ደመና ያለበት ፎቶ ስናይ ደመናው ከየት መጣ ብለን መጠየቅ ይገባናል። ሥዕሎቹ በመጽሐፍ ሲታተሙ ደግሞ ብዙ ጊዜ በእንጨት ቀራጭ እጅ ስለሚያልፉ ሰማዩን የሚሞላው አገሩን አይቶት የማያውቅ ሰው ነበር።

ይህ ሁሉ ለእንጦጦ ለምን ልዩ ትርጉም ይኖረዋል? አዲስ አበባ ዛሬ ባለችበት ቦታ የተቆረቆረችው በአየሩ ምክንያት ነውና ነው። ከባሕር ጠለል 3 ሺህ ሜትር ገደማ ከፍ ያለው የእንጦጦ ጫፍ ለመከላከያ ቢመችም ብርዱ፣ ነፋሱና የማገዶ እጦቱ ቤተ መንግሥትና ሠራዊት የሚያኖር አልነበረም፤ እቴጌ ጣይቱ በፍልውኃ አጠገብ ቤት አሠርተው ከተማው ወደ ታች ወረደ። በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. ባሕር ዛፍ ባይመጣ ኖሮ ከተማው እንደገና ይነሣ ነበር የሚሉም አሉ። የከተማችን ልደት የክረምት ታሪክ ሆኖ ሳለ፣ የልደቷ ዘመን ፎቶግራፎች ግን የሚያሳዩን የተራቆተ ኮረብታ በጠራ ፀሐይ ነው። የካን ተመልከቱ፤ ከኮረብታው የሚወርዱት ቀበናና ግንፍሌ በጥር ልጆች የሚሻገሯቸው ምንጮች ናቸው። ግንፍሌን ግንፍሌ ያለው ሰው ግን በነሐሴ አይቶት መሆን አለበት።

በቅንፍ አንድ ነገር ልበል። በረሃን በማንሣት ዝናው የገነነው ዊልፍሬድ ቴሲገር የተወለደው እዚሁ የካ፣ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 3 ቀን 1910፣ ክረምት ሊገባ ሲል ነው። ካሜራውን ይዞ አዋሽን ተከትሎ የወረደው ግን በበጋ ነው። አልወቅሰውም፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን በታኅሣሥ ነበር የምነሣው።

የክረምቱ ከአልበም መቅረት ከውበት ጉዳይ አልፎ ማስረጃ ወደማጣት የሚደርስባቸው ጊዜያት አሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1928 ዓ.ም. የራስ ካሣ ልጆች አበራና አስፋ ወሰን የሚመሩት ጦር፣ ሌሎችም አርበኞች ከየአቅጣጫው፣ በጣሊያን እጅ የነበረችውን አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ገጠሙ። ጊዜው በከንቱ አልተመረጠም፤ ጭቃው የጠላትን መኪና ከተማና ሐዲድ ላይ ወስኖት ነበር። ያው ዝናብ ግን በአርበኞቹም ላይ ፈረደ። በአንድ ጊዜ መግጠም የነበረባቸው ጦሮች በሞሉ ወንዞችና በመገናኛ እጦት ተለያይተው ደረሱ። በማግስቱ ሐምሌ 22 አቡነ ጴጥሮስ በአደባባይ ተረሸኑ። ይህን ውጊያ ሳስተምር ለተማሪ የማሳየው ያ ቀን የነበረበትን ሰማይ የያዘ አንድ ፎቶ የለኝም። በእጃችን ያሉት የዚያ ዓመት የጭቃ ፎቶዎች የጣሊያኖቹ ናቸው፤ ሚያዝያ ላይ ወደ አዲስ አበባ ሲገሠግሡ በጣርማ በር መኪኖቻቸው ሲዋጡና ወታደሮቻቸው ሲገፉ ራሳቸው አንሥተዋቸዋል። አሸናፊው ጭቃን ያነሣል፣ ያሸነፈው ነገር ነውና። አርበኛው የተጠለለበትን ጉም ግን ማንም አላነሣለትም።

እንግዲህ ካለን ጥቂት ነገር ክረምትን እንዴት እንለይ? ጥላ ይረዳናል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች፣ ከሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት እስከ ነሐሴ የመጨረሻ ሳምንት ፀሐይ በቀትር የምታልፈው ከአናታችን በስተሰሜን ነው። ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፣ ፊቱን ወደ እንጦጦ ያዞረ ግድግዳም ይበራል። ቀን ያልተጻፈበት ፎቶ ሲገጥማችሁ ሕንጻውን ካወቃችሁት የጥላውን አቅጣጫ እዩ። ሚያዝያና ግንቦትም በዚህ ውስጥ ስለሚገቡ ብቻውን አይበቃም፤ ሣሩን፣ የመንገዱን ጭቃ፣ የሰዉን እግር ጨምራችሁ መርምሩ።

ብርሃኑን ለመሰየምስ የሌላ ሰው ቃል መዋስ አያሻንም። ሊቃውንቱ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለውን ጊዜ በክፍል በክፍል ለይተውታል፦ በመጀመሪያ ዘርዕና ደመና፣ ከዚያ መብረቅና ነጎድጓድ፣ ወንዞችና ጠል፤ ወደ ነሐሴ መጨረሻ ሲቃረብ ደግሞ ጎሕ፣ ነግህ፣ ጽባሕ፣ ብርሃን። አንድ የፎቶግራፍ መማሪያ ይህን ሁሉ «ደመናማ» ብሎ በአንዲት ትንሽ ምልክት ያልፈዋል። በእንጦጦ ዳገት ላይ ቆሞ የሐምሌንና የጳጉሜን ጠዋት ላነጻጸረ ሰው የሊቃውንቱ ክፍፍል የዓይን ምስክርነት ነው።

እኔና ተማሪዎቼ ጥቂት ክረምቶችን ከፈረንሳይ ሌጋሲዮን በላይ ካለው ዳገት ከአንድ ቦታ ቆመን ስናነሣ ቆይተናል። የምንገናኘው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው፤ ፀሐይ ከሞቀች ጉሙ ይነሣል። መሣሪያችን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ካሜራውን ፌስታል አልብሰን፣ ሌንሱ በሚወጣበት በኩል ቀደን በላስቲክ እናስራለን፤ መጥረጊያ የሚሆን ደረቅ ጨርቅ ደረታችን ውስጥ ይሞቃል። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ካሜራ ያበላሸሁት በዝናብ አይደለም፣ ከዝናብ በኋላ ነው፤ ከብርዱ ገብቼ ቡና በሚፈላበት ሞቃት ክፍል ውስጥ ወዲያው ከፈትኩትና ሌንሱ በውስጥ በኩል አላበው። አሁን ቦርሳው እንደተዘጋ ሙቀቱን እስኪለምድ እንጠብቃለን። ጉምን በራሱ ግምት የሚለካ ካሜራ ነጩን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ስለሚጎትት አንድ ደረጃ ያህል አብርተን እናነሣለን። ዝናብ ደግሞ የሚታየው ከኋላው ጥቁር ነገር ሲኖር ነው፤ በባሕር ዛፍ ጥላ ፊት ክሩ ይለያል፣ በሰማይ ፊት ይጠፋል። ፍላሽ አትጠቀሙ፤ የሚያበራው ፊታችሁ ያለውን ጠብታ ብቻ ነው።

ከሁሉ ያስተማረኝ ግን አንድ ተማሪ ያመጣው ፎቶ ነው። የማገዶ ሸክም የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው ከጉሙ ሲወጡ ይታያሉ፤ ክፍሉ ሁሉ «ድባቡ ሲያምር!» አለ። አንዲት ልጅ ብቻ «እናቴ እዚህ መንገድ ላይ ትሸከም ነበር፤ ጉም ሲሆን የሚያዳልጠው ቦታ አይታይም» አለች። ለተወሰነ ጊዜ ማንም አልተናገረም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሴቶቹን ሳናስፈቅድ አናነሣም፣ ከፎቶው ጋርም የመንገዱን ሁኔታ እንጽፋለን። ከጎጆና ከቆርቆሮ ቤት የሚወጣው ጭስም ከጉሙ ጋር አንድ ሆኖ ይተኛልና ስንቱ ጉም፣ ስንቱ የማገዶ ጭስ እንደሆነ የምንጽፈው እዚያው ሳለን ነው፤ ኮምፒውተር ፊት ከተቀመጥን በኋላ አይለይም።

ወደ ኮምፒውተሩ ከመጣን፣ ጭጋግ መግፈፊያው ዛሬ በጣት የሚገፋ አንድ ቁልፍ ሆኗል፤ ላይትሩም ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ከዚህ ዓይነት ዘዴዎች አንዱን፣ ካይሚንግ ሄና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ያቀረቡትን፣ አሠራሩን ልግለጽላችሁ። ጭጋግ በሌለበት የውጭ ፎቶ፣ ከሰማዩ በቀር፣ በየትኛውም ትንሽ ቦታ ቢያንስ ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ አንዱ እጅግ የጨለመበት ነጥብ አይጠፋም ይላል። የጨለመ ነጥብ ከጠፋ በመካከል ጭጋግ ገብቷል ማለት ነው፤ መጠኑን ይገምትና ይቀንሰዋል። ብልህ ሐሳብ ነው። ነገር ግን በባሕርዩ ነጭ የሆነ ነገር ሲገጥመው ይሳሳታል፤ ይህንንም ደራሲዎቹ ራሳቸው ጽፈውታል። አሁን አያቴን አስታውሱ። ነጠላቸው የጨለመ ነጥብ የለውም። በእንዲህ ያለው ስሌት ዓይን ነጠላው ጉም ነው፤ ጉሙን ሲገፍ ነጠላውንም ያጠቁረዋል። በዓል በነጭ በሚከበርበት፣ በዓሉም ተራራ ላይ በሚውልበት አገር ይህ ተራ ስሕተት አይደለም።

አርትዖት አታድርጉ አልልም። እኔም የጥላና የብርሃን ልዩነቱን ትንሽ ከፍ አደርጋለሁ፣ ብዥ ያለውን ሰማያዊ ቀለም አሞቃለሁ። የማልፈቅደው ከአምስተኛው ግንድ ወዲያ የማይታየውን ስድስተኛ ግንድ መፍጠርን ነው። ካሜራው የመዘገበው ጥሬ ፋይል ሳይነካ ይቀመጥ፤ ከጎኑ ቀኑ፣ ሰዓቱና የአየሩ ጠባይ በአንድ መስመር ይጻፍ። ወረቀትና ፊልም ካላችሁ ደግሞ ከመስተዋት አርቁ፤ የአየሩ እርጥበት ለረጅም ጊዜ ከ65 በመቶ በላይ ሲቆይ ጄላቲኑ ይሻግታል፣ የክረምት ቤቶቻችን ከዚያ በላይ ናቸው። በስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የፎቶግራፍ ክምችት አለው፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ያጣችሁ ካላችሁ የየካን ቤተሰቦች አልበም በክረምትና በበጋ ለይቶ መመዝገብ ለአንድ ሰው ሥራ ይበቃል።

ያን የታደሰ ፎቶ አልጣልኩትም። አክስቴ ባለፈው ዓመት ቤቴ መጥተው መነጽራቸውን አድርገው ረዥም ጊዜ አዩት። «እማዬ ናት። ግን ይህ ራጉኤል አይደለም፤ ያን ቀን የት ሰማይ ነበረና?» አሉ። ከዚያ ተቀምጠው ያን ጠዋት ነገሩኝ፦ ጫማ በእጅ እንደተያዘ፣ አጎቴ ካሜራውን በኮቱ ውስጥ እንደሸሸገ፣ አያቴ «በዚህ ጨለማ ምን ይታይሃል?» ብለው እንደተቆጡ። ሁሉንም ቀዳሁት፤ ከፎቶው ጀርባ ላይም «ሰማዩ በኋላ የተጨመረ ነው» ብዬ በእርሳስ ጻፍኩ።

በመጪው መስከረም 1 ቀን ከጠዋቱ 12 ሰዓት እንደተለመደው እንወጣለን። የምትመጡ ስማችሁን በር ላይ ባለው ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ፌስታል አትርሱ። አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።